ከመጻፍ በፊት ያሉት አምስት ደቂቃዎች

ሥልጣን ያለውን ወገን መጠየቅ ኅብረተሰብን ይጠቅማል ወይስ ይጎዳል? ይህን መሰል ጥያቄ በውጭ አገር የትምህርት ፈተናዎች ላይ ለዓመታት ሲመላለስ የኖረ ነው። ኤስኤቲ የሚባለው የአሜሪካ ኮሌጆች መግቢያ ፈተና እ.ኤ.አ. ከ2005 እስከ 2016 ድረስ ለተፈታኙ አንድ ሰፊ ሐሳብ ሰጥቶ በ25 ደቂቃ ውስጥ አቋሙን በድርሰት እንዲያስረዳ ያዝዝ ነበር። ቶፍል የተባለው የእንግሊዝኛ ችሎታ ፈተና እስከ 2023 አጋማሽ ድረስ ለዚህ ዓይነቱ ድርሰት 30 ደቂቃ ይሰጥ ነበር፤ ሌላው የእንግሊዝኛ ፈተና አይልትስ ዛሬም ከ250 ቃላት ለማያንስ ድርሰት 40 ደቂቃ ያህል እንዲመደብ ይመክራል። አዲስ አበባ ሆነው ለውጭ የትምህርት ዕድል ከሚዘጋጁት ወጣቶችም ሆነ በአሜሪካ ካደጉት የኢትዮጵያውያን ልጆች መካከል በእነዚህ ፈተናዎች ያለፉት ብዙ ናቸው። ዝግጅታቸው አብዛኛውን ጊዜ የሚያተኩረው በቋንቋው ላይ ነው፦ ሰዋስው፣ የቃላት ሀብት፣ ማያያዣ ሐረጎች። እኔ ግን እንዲህ ያለው ድርሰት የሚበላሸው አንድም ዓረፍተ ነገር ሳይጻፍ፣ በመጀመሪያዎቹ አምስት የማሰቢያ ደቂቃዎች ውስጥ ነው ባይ ነኝ። የሚበላሸውም ተፈታኙ አቋሙን የሚደግፉ ምሳሌዎችን ብቻ ሲለቅም፣ አቋሙን የሚፈትን ምሳሌ ሳይፈልግ በመቅረቱ ነው።

የተለመደው ዕቅድ ይታወቃል። ተፈታኙ ጥያቄውን ያነብና «አዎ፣ ይጠቅማል» ብሎ ይወስናል፤ ከዚያ ሦስት ስሞች ይጽፋል፦ ጋሊሊዮ፣ ማርቲን ሉተር ኪንግ፣ ማንዴላ። ለእያንዳንዳቸው አንድ አንቀጽ፣ ከፊት መግቢያ፣ ከኋላ መደምደሚያ፣ አለቀ። ሦስቱም ለታላቅነታቸው ምስክር የማያሻቸው ሰዎች ናቸው። ይሁንና ሦስቱም ትክክል እንደነበሩ አንባቢው ድርሰቱን ሳያነብ አስቀድሞ ተስማምቷል። ስለዚህ ድርሰቱ የሚያረጋግጠው ነገር ቢኖር፣ በኋላ ትክክል ሆነው የተገኙ ሰዎች መጠየቃቸው መልካም እንደነበረ ብቻ ነው። የፈተናው ጥያቄ ግን ስለ ትክክለኝነት አይደለም፤ ስለ መጠየቅ ነው። እ.ኤ.አ. በ1998 አንድሩ ዌክፊልድ የተባለ እንግሊዛዊ ሐኪም ከባልደረቦቹ ጋር ሆኖ በ12 ሕፃናት ላይ የተመሠረተ ጽሑፍ «ላንሴት» በተባለው የሕክምና መጽሔት አሳተመ፤ የኩፍኝ፣ የጆሮ ደግፍና የሩቤላ ጥምር ክትባት ከኦቲዝም ጋር ሳይያያዝ አይቀርም የሚል ጥርጣሬም አስነሣ። እሱም ሥልጣን ያለውን የሕክምና ተቋም ጠያቂ ነበር፤ ብዙ ወላጆችም እንደ ደፋር ሰው ተቀብለውታል። መጽሔቱ ጽሑፉን በ2010 ሰረዘው፤ ሐኪሙም በዚያው ዓመት ከሙያው መዝገብ ተፋቀ። በመካከሉ ግን በብሪታንያ ልጆቻቸውን የሚያስከትቡ ወላጆች ቁጥር አሽቆልቁሎ፣ የጠፋ ይመስል የነበረው ኩፍኝ ተመልሶ መጥቷል። ሦስቱን ታላላቆች የደረደረው ተፈታኝ ለዌክፊልድ የሚሰጠው መልስ የለውም። እርሱ ባያስታውሰው እንኳ አራሚው ያስታውሰዋል።

በዕቅዱ ጊዜ ሊፈለግ የሚገባው ጠያቂ በሁለቱም ወገን የቆመበት አንድ ጉዳይ ነው። አንደኛው ጠያቂ የጠቀመበት፣ ሌላኛው የጎዳበት። እንዲህ ያለ ጉዳይ ሲገኝ ሁለቱን ጠያቂዎች የለያቸው ምንድን ነው ብሎ መጠየቅ ይቻላል፤ የዚያ መልስ የድርሰቱ ኃይለ ቃል ይሆናል። ለዚህ የደቡብ አፍሪካን የኤድስ ውዝግብ የሚስተካከል ምሳሌ አላውቅም። ታሪኩ በአንድ አንቀጽ ተጠቅሎ እንዳይቀር ዘርዘር አድርጌ ላየው እወዳለሁ፤ ፍሬው ያለው ዝርዝሩ ውስጥ ነውና።

ታቦ እምቤኪ እ.ኤ.አ. በ1999 ፕሬዚዳንት ሲሆኑ አገራቸው በወረርሽኙ ክፉኛ ከተጎዱት አገሮች አንዷ ነበረች። እሳቸው ግን ኤድስን የሚያመጣው ኤችአይቪ ነው የሚለውን የሳይንስ ድምዳሜ በአደባባይ መጠራጠር ጀመሩ። በ2000 ባቋቋሙት አማካሪ ጉባኤ ውስጥ እንደ ፒተር ዱስበርግ ያሉ ድምዳሜውን የሚክዱ ሳይንቲስቶችን ከሌሎቹ ጋር አንድ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጡ። በዚያው ዓመት ለዓለም መሪዎች በላኩት ደብዳቤ በተጠራጣሪዎቹ ላይ የሚደርሰውን ውግዘት፣ ድሮ መናፍቅ የተባሉ ሰዎች በእሳት ይቃጠሉበት ከነበረው ዘመን ጋር አነጻጸሩት። እዚህ ላይ ቆም ማለት ያስፈልጋል። እምቤኪ ራሳቸውን ያዩት በጋሊሊዮ ወገን ነው። የምዕራባውያንን ቤተ ሙከራዎችና የመድኃኒት ኩባንያዎችን ሥልጣን የሚሞግት አፍሪካዊ፣ ዕድሜውን በሙሉ አፓርታይድን የታገለ ሰው። ጥርጣሬያቸውም ከመሬት ተነሥቶ የመጣ አልነበረም፤ የደቡብ አፍሪካ መንግሥት መድኃኒት በርካሽ ለማስገባት የሚያስችል ሕግ ስላወጣ 39 የመድኃኒት ኩባንያዎች ፍርድ ቤት አቁመውት ነበር። ኩባንያዎቹ ክሱን የተዉት በ2001 ነው። በዚህ ክርክር ከመንግሥት ጎን ተሰልፈው ከነበሩት አንዱ፣ ዛኪ አክማትና ጓደኞቹ በ1998 መጨረሻ ያቋቋሙት «ትሪትመንት አክሽን ካምፔይን» የተባለ የሕሙማን መብት ንቅናቄ ነበር።

ብዙም ሳይቆይ ይኸው ንቅናቄ መንግሥትን ራሱን ከሰሰ። ምክንያቱ ኔቪራፒን የተባለው መድኃኒት ነው። በኡጋንዳ ተካሂዶ ውጤቱ በ1999 የታተመ ጥናት፣ ለእናትየዋ በምጥ ጊዜ አንድ፣ ለጨቅላው ከተወለደ በኋላ አንድ ጊዜ ብቻ የሚሰጠው ይህ መድኃኒት፣ ኤዜድቲ በተባለ ሌላ የኤችአይቪ መድኃኒት ለአጭር ጊዜ ከሚሰጠው ሕክምና ጋር ሲነጻጸር ቫይረሱ ከእናት ወደ ልጅ የሚተላለፍበትን ዕድል ወደ ግማሽ እንደሚቀንሰው አሳይቶ ነበር። አምራቹ ኩባንያ መድኃኒቱን ለአምስት ዓመት በነጻ እሰጣለሁ ብሏል። የደቡብ አፍሪካ መንግሥት ግን በዘጠኙ ክፍላተ ሀገር ሁለት ሁለት የሙከራ ጣቢያ፣ በድምሩ 18 ብቻ መርጦ፣ ከእነዚያ ውጭ ባሉ የመንግሥት ሆስፒታሎች ሐኪሞች ለዚህ ዓላማ መድኃኒቱን እንዳያዝዙ ከለከለ። ንቅናቄው በነሐሴ 2001 ክስ መሠረተ፤ በዚያው ዓመት መጨረሻ በፕሪቶሪያ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ረታ። መንግሥት ይግባኝ አለ። እ.ኤ.አ. ሐምሌ 5 ቀን 2002 የሕገ መንግሥት ፍርድ ቤቱ የጤና አገልግሎት የማግኘትን መብት መሠረት አድርጎ ክልከላው እንዲነሣ አዘዘ። መንግሥት ያቀረባቸው መከራከሪያዎች፣ የመድኃኒቱ ደኅንነት፣ ወጪው፣ የሆስፒታሎቹ አቅም፣ አንድ በአንድ ተሰምተዋል፤ ተመዝነዋልም። የመድኃኒቱን ደኅንነት በተመለከተ የአገሪቱ የራሷ የመድኃኒት ተቆጣጣሪ ምክር ቤት ፈቅዶ መዝግቦታል፤ ዋጋውን በተመለከተ ደግሞ መድኃኒቱ በነጻ ቀርቧል።

እንግዲህ ሁለት ጠያቂዎች አሉን። ሁለቱም ትልቅ ሥልጣን ሞግተዋል፤ ሁለቱም ለድሃው ቆመናል ብለዋል፤ ሁለቱም በዘመኑ ብዙ ተወግዘዋል። በድፍረት ብንመዝናቸው አንዱን ከሌላው መለየት ያስቸግራል። የሚለያቸው ሌላ ነው። እምቤኪ ላነሡት ጥያቄ መልስ ተሰጥቷቸዋል፤ በሐምሌ 2000 ደርባን ላይ ከተደረገው ዓለም አቀፍ የኤድስ ጉባኤ ጋር ተያይዞ ከ5,000 በላይ ሳይንቲስቶችና ሐኪሞች ማስረጃውን ዘርዝረው የፈረሙበት መግለጫ ወጥቷል። ይህ ሁሉ ግን የሳቸውን ጥያቄ ቅንጣት አላነቃነቀውም። ምን ዓይነት ማስረጃ ቢቀርብ እንደሚረቱ ተናግረው አያውቁም፤ በዚህ ጥያቄ የሚረታቸው ዳኛም አልነበረም፤ ሥልጣኑ በእጃቸው ነበርና። ንቅናቄው በአንጻሩ ጥያቄውን ይዞ የሄደው ሊረታ ወደሚችልበት ቦታ ነው። ማስረጃው ደካማ ሆኖ ቢገኝ ፍርድ ቤቱ ያሰናብተው ነበር። የሁለቱ ልዩነት በሰው ሕይወት ተተምኗል፤ በሃርቫርድ ተመራማሪዎች ተሠርቶ በ2008 የታተመ ጥናት፣ ከ2000 እስከ 2005 ባሉት ዓመታት ሕክምናው በመዘግየቱ ከ330,000 በላይ ሰዎች ያለጊዜያቸው እንደሞቱ፣ 35,000 ያህል ጨቅላዎችም ቫይረሱ ይዟቸው እንደተወለዱ ገምቷል።

የድርሰቱ ኃይለ ቃል ከዚህ ይወጣል፦ ሥልጣንን መጠየቅ ኅብረተሰብን የሚጠቅመው ጠያቂው ራሱም ሊጠየቅና ሊረታ በሚችልበት አደባባይ ሲቆም ነው። ይህ ሐሳብ ለእኛ ባዕድ አይደለም። በቀድሞው የሙግት ሥርዓታችን ከሳሽ ተከሳሹን «ተጠየቅ» ሲለው ራሱ ከጥያቄ ውጭ ሆኖ አልነበረም፤ ዋስ ይጠራል፣ በማር ወይም በበቅሎ ይወራረዳል፣ ከተረታም ይከፍላል። ጥያቄ ዋጋ የሚያስከፍል ስለነበረ በከንቱ አይወረወርም። ያው ሥርዓት ግን «ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ» የሚል አባባልም አጽንቶ ኖሯል፤ ጎረቤት ጎረቤቱን እንዲጠይቅ መንገድ ከፍቶ ከሁሉ በላይ ያለውን ከአደባባዩ አስወጥቶታል። ተፈታኙ እነዚህን ሁለት ነገሮች በአንድ አንቀጽ ጎን ለጎን ቢያስቀምጣቸው፣ ከሦስት የታወቁ ስሞች የበለጠ የሚናገር ድርሰት ይኖረዋል፤ አራሚውም ሌላ ወረቀት ላይ አንብቦት የማያውቀውን ነገር ያገኛል።

እዚህ ላይ ጠንካራ ተቃውሞ አለ። መጠየቅ የሚጠቅመው ዳኛ ባለበት ብቻ ከሆነ፣ ዳኛ በሌለበት አገር የተጠየቀው ሁሉ ከንቱ ነውን? ለዚህ መልስ ለመስጠት የራሳችንን የ1965 ዓ.ም. የወሎ ረሃብ ማንሣት ግድ ይላል። ሕዝቡ እያለቀ ሳለ መንግሥት ነገሩን አዳፍኖ ይዞት ነበር። የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ መምህራን ወደ ወሎ ሄደው ያመጡትን ፎቶግራፍ በግቢው ውስጥ ለሕዝብ አሳዩ፤ በጥቅምት 1966 ደግሞ የእንግሊዛዊው ጋዜጠኛ የጆናታን ዲምብልቢ ፊልም በአገሩ ቴሌቪዥን ታይቶ ዓለምን አስደነገጠ። ጥያቄው ከንቱ አልነበረም፤ የተደበቀውን ገልጧል፣ እርዳታም አስገኝቷል። ነገር ግን ጥያቄውን ተቀብሎ የመመለስ ግዴታ ያለበት ምክር ቤትም ሆነ ፍርድ ቤት ስላልነበረ፣ ያለው መውጫ መንግሥቱን መገልበጥ ብቻ ሆነ። ንጉሠ ነገሥቱ ከዙፋን በወረዱበት ዋዜማ ያው ፊልም ከቤተ መንግሥት ድግስ ምስሎች ጋር ተቀላቅሎ በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ታየ። ያን ጥያቄ መሰላል አድርጎ የወጣው ደርግ ግን ራሱ የማይጠየቅ ሆነ። በመስከረም 1977 የአብዮቱን አሥረኛ ዓመት በታላቅ ድግስ ሲያከብር፣ በሰሜን በኩል ከመጀመሪያው የከፋ ረሃብ ሰው እየፈጀ ነበር፤ ዓለም በሙሉ ያየውም ከበዓሉ በኋላ፣ በጥቅምት፣ የቢቢሲው ማይክል በርክ ከኮረም ባስተላለፈው ዘገባ ነው። ስለዚህ ተቃውሞው ኃይለ ቃሉን አያፈርሰውም። ዳኛ በሌለበት መጠየቅ የተደበቀውን ይገልጣል፤ የገለጠውን ግን አያቃናም፤ ጠያቂውንም ከአዲስ ዕብሪት አያድነውም። የኢኮኖሚ ሊቁ አማርቲያ ሴን እ.ኤ.አ. በ1981 ባሳተመው መጽሐፍ የወሎን ረሃብ ለይቶ መርምሮታል፤ በኋለኞቹ ሥራዎቹም ነጻ ጋዜጣና እውነተኛ ምርጫ ባለበት አገር ትልቅ ረሃብ እንደማይደርስ ተከራክሯል። ለተፈታኙ ይህ ከማንኛውም ጥቅስ ይልቅ የሚረዳ ነው፤ መጠየቅ በምን መንገድ እህል ሆኖ ወደ ረሃብተኛው እንደሚደርስ ያሳያልና።

ሁለተኛው ተቃውሞ ከፈተናው አሠራር ይነሣል። አራሚዎች ለአንዱ ወረቀት የሚሰጡት ጊዜ ጥቂት ነው፤ ታሪኩ እውነት ይሁን አይሁን አያጣሩም፤ ታዲያ ይህ ሁሉ ድካም ለምን? ተቃውሞው መሠረት አለው። በኤምአይቲ ጽሕፈት ያስተምር የነበረው ሌስ ፔረልማን እ.ኤ.አ. በ2005 ለናሙና የወጡ የኤስኤቲ ድርሰቶችን መርምሮ፣ ውጤታቸውን ርዝመታቸውን ብቻ አይቶ መገመት እንደሚቻል አሳይቷል። ለአራሚዎች የተሰጠውም መመሪያ በታሪክ ስሕተት ነጥብ እንዳይቀንሱ የሚል ነበር። እንዲህ ከሆነ የፈጠራ ታሪክ ቢጻፍም ያው ነው የሚሉ አሠልጣኞች ተገኝተዋል። እኔ ይህን ምክር አጥብቄ እቃወማለሁ፤ ምክንያቴ ሥነ ምግባር ብቻ አይደለም። የተፈጠረ ምሳሌ የሚናገረው ፈጣሪው የሚፈልገውን ብቻ ነው። ጸሐፊውን አይቃወመውም፣ አያስገርመውም፣ ወደማያውቀው መደምደሚያም አይወስደውም። የደቡብ አፍሪካውን ታሪክ የሚያውቅ ተፈታኝ መድኃኒቱ በነጻ ቀርቦ እንደነበረ ሲያስታውስ፣ ያቺ አንዲት ዝርዝር የወጪውን መከራከሪያ ከሥሩ ትነቅልለታለች። ሐሳብ የሚመጣው ከእንደዚህ ያለ እውነተኛ ጉዳይ ነው። ደግሞም የ25 ደቂቃው ድርሰት በትችት ተዳክሞ በ2016 ተለወጠ፤ ተተኪውም ከ2021 አጋማሽ በኋላ ለአብዛኛው ተፈታኝ ቀረ። በርዝመትና በፈጠራ ብቻ የሠለጠነ ተማሪ ፈተናው ሲቀር በእጁ የሚቀረው ምንም ነገር የለም።

ሌሎች ደግሞ «እንደ ሁኔታው ነው» የሚል አቋም አራሚን አያስደስትም ይላሉ። እውነት ነው፣ ሁኔታው ሳይጠቀስ ከቀረ። «አንዳንዴ ይጠቅማል፣ አንዳንዴ ይጎዳል» ብሎ የሚያበቃ ሰው አልመለሰም። «ይጠቅማል፣ ጠያቂው ራሱ የሚረታበት አደባባይ ካለ» የሚል ግን ቁርጥ ያለ አቋም ይዟል፤ አንባቢው ሊቀበለውም ሊያፈርሰውም ይችላል። ጊዜውም ቢሆን የሚባለውን ያህል አያጥርም። በፈረንሳይ የባካሎሪያ የፍልስፍና ፈተና አራት ሰዓት ይፈቀዳል፤ በ30 ደቂቃ ከዚያ ጋር መፎካከር አይቻልም። ይሁንና ከ30ው አምስቱ ለአራት መስመር ቢጋር ይበቃሉ፦ በሁለቱም ወገን ጠያቂ ያለበት ጉዳይ፣ ሁለቱን የለየው ነገር፣ ከዚያ የሚወጣው ኃይለ ቃል፣ ኃይለ ቃሉን የሚቃወም ሰው የሚያነሣው ነጥብ ከነመልሱ። መግቢያው በመጨረሻ ቢታሰብም አይጎዳም። አምስቱን ደቂቃ የሚፈጀው ጉዳዩን መፈለግ ነው፤ ለዚህም መድኃኒቱ ከፈተናው ቀን በፊት አምስት ወይም ስድስት ጉዳዮችን ከነዓመታቸው፣ ከነምክንያታቸውና ከነተቃራኒያቸው ጠንቅቆ ማወቅ ነው። ብዙ ስም በቃል መያዝ ይህን አይተካም።

ይህ ልምድ ግን በፈተና ዋዜማ የሚገኝ አይደለም፤ የአገራችን ትምህርት ቤቶችም እየሰጡት አይደለም። የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና የሚሰጠው በምርጫ ጥያቄ ነው፤ ፈተናው የማይጠይቀውን ነገር ክፍል ውስጥ ማስተማር ደግሞ ቅንጦት እየመሰለ ይሄዳል። ተማሪ በታጨቀበት ክፍል የሚያስተምር መምህር ድርሰት አጽፎ ማረም አልችልም ቢል አይፈረድበትም። ለዚህ ግን ቢጋሩ ራሱ መፍትሔ አለው። በሳምንት አንድ ጊዜ፣ በአማርኛ ክፍለ ጊዜም ሆነ በእንግሊዝኛ፣ አንድ ጥያቄ ሰሌዳ ላይ ተጽፎ ተማሪዎቹ በአምስት ደቂቃ ውስጥ አራቱን መስመሮች ብቻ ይጻፉ፤ ድርሰቱን አይጻፉት። መምህሩ 60 ተማሪ ቢኖረው እንኳ 60 አራት መስመሮችን ማንበብ ይችላል፤ ከመካከላቸው ሁለት የሚቃረኑትን መርጦ ጸሐፊዎቻቸውን ፊት ለፊት ያከራክር፤ እያንዳንዱም ስለ ቢጋሩ ይጠየቅ። በአንድ የትምህርት ዓመት ውስጥ ይህ ከሠላሳ በላይ ጥያቄዎች ማለት ነው።